የተሳበ ጎማ ከውስጥ ለምን ይከፈታል? የስልሳ ዓመት ክርክርና የኮምፒውተር ስሌቱ

ከእሪ በከንቱ ወደ ፒያሳ የሚያወጣውን ዳገት በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ የሚወጣ ሚኒባስ ታክሲ ሞተሩን የሚሸከሙለት ጥቂት የጎማ ቁራጮች ናቸው። መካኒኮቻችን የሞተር ሱፖርት ይሏቸዋል። ሁለት ብረት፣ በመሀላቸው ደግሞ ሲሠራ ጀምሮ በሙቀት ከብረቱ ጋር የተዋሐደ ጎማ፤ በአብዛኛው ነገሩ ይኸው ነው። ሾፌሩ ነዳጅ ሲጨምር ሞተሩ ከሚያዞረው ዘንግ በተቃራኒ አቅጣጫ ለመጠምዘዝ ይታገላል። ያኔ በአንድ ወገን ያለው ሱፖርት ይጫናል፤ በሌላው ወገን ያለው ይሳባል። የተጫነው ብዙ ይችላል። የተሳበው ግን ከውጭ አንዳች ሳይታይበት ከመሀሉ ሊከፈት ይችላል። እንዲህ የተጎዳ ጎማ በስለት ለሁለት ሲከፈል፣ ገጹ ላይ እንደ እንጀራ ዓይን የተበተኑ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ማንም አልወጋቸውም፤ ከውጭ የገባም አየር የለም። ጎማው ራሱ ነው ከውስጥ የተከፈተው።

በርግጥ ሱፖርት ሁሉ በዚህ ምክንያት አይሞትም። ዘይት ያበሰብሰዋል፣ ሙቀት ያደርቀዋል፣ ዕድሜ ይሰነጥቀዋል። ይሁን እንጂ ከውስጥ የሚጀምረው ጉዳት ከሁሉም ይልቅ ተንኮለኛው ነው፤ በዓይን አይታይምና። ስለዚህም ከስልሳ ዓመት በላይ የፊዚክስና የምህንድስና ሰዎች አንድ ጥያቄ ይዘው ቆይተዋል፦ በተሳበ ጎማ ውስጥ ክፍተት የሚፈጠረው በምን ሕግ ነው? መቼና የት እንደሚፈጠር፣ ከተፈጠረስ በኋላ እንዴት እንደሚያድግ በኮምፒውተር አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል? መልሱ ባለፉት አስር ዓመታት ገደማ ትልቅ ለውጥ አሳይቷል። እኔ እንደማየው ለውጡ ወደ ትክክለኛው አቅጣጫ ነው፤ ምክንያቱን ከታች አስረዳለሁ።

በመጀመሪያ እንቆቅልሹ ምኑ ላይ እንደሆነ ግልጽ ይሁን። ጥሩ የተፈጥሮ ጎማ ቀጭን ሆኖ ተቆርጦ በሁለት ጫፉ ቢሳብ የርዝመቱን ስድስትና ሰባት እጥፍ ይለጠጣል፤ እስኪበጠስም ከ20 ሜጋፓስካል በላይ ይሸከማል። ያው ጎማ በቀጭን ዲስክ መልክ በሁለት ብረት መካከል ተጣብቆ ሲሳብ ግን መሀሉ በ1 እና በ3 ሜጋፓስካል መካከል መከፈት ይጀምራል። ቁሱ አልተቀየረም። የተቀየረው የአሳሳቡ ሁኔታ ብቻ ነው።

ምክንያቱ የጎማ ባሕርይ ነው። ጎማ ቅርጹን ለመለወጥ እጅግ ልል ነው፤ ይዘቱን ለመለወጥ ግን እጅግ እምቢተኛ ነው። ቅርጽ መለወጥን የሚቃወምበት ልክ፣ የሸር ሞዱለስ የሚባለው፣ በተራ ጎማ ላይ ከግማሽ እስከ አንድ ሜጋፓስካል ገደማ ነው። ይዘት መለወጥን የሚቃወምበት ልክ ግን ወደ 2,000 ሜጋፓስካል ይጠጋል። የሺዎች እጥፍ ልዩነት ነው። ቀጭኑ ቁራጭ ሲሳብ ጎኑ እየሳሳ ርዝመቱ ይጨምራል፤ ይዘቱ አይነካም፤ ስለዚህ ይመቸዋል። በብረት መካከል የተጣበቀው ዲስክ ግን ጎኑን ማሳሳት አይችልም፤ ብረቱ ይዞታል። በመሆኑም መሀሉ ላይ ያለው ጎማ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም፣ ከሁሉም አቅጣጫ በእኩል ይሳባል። ጎማ የማይወደው ይህንን ነው። ከሁሉም አቅጣጫ ሲሳብ ይዘቱን ከመጨመር ይልቅ ውስጡን መክፈት ይቀለዋል።

ነገሩ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጎማና የብረት ማጣበቂያ በሚፈትኑ ሰዎች ዘንድ ታይቶ ነበር። ቡሴ እና የርዝሊ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ጎማው ከብረቱ ሳይላቀቅ በፊት ከውስጡ እንደሚጎዳ ጽፈዋል። ጥያቄውን ወደ ሳይንስ መድረክ ያወጡት ግን በእንግሊዝ ሀገር ዌልዊን ጋርደን ሲቲ በሚገኝ የጎማ ምርምር ተቋም ይሠሩ የነበሩት አለን ጌንትና ባልደረባቸው ሊንድሊ ናቸው። በ1959 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሥራቸው እስከ ዛሬ ድረስ የዘርፉ ማጣቀሻ ነው። ሁለት ሴንቲሜትር ዲያሜትር ያላቸው፣ ውፍረታቸው ከአንድ ሚሊሜትር ካነሰ ጀምሮ እስከ አንድ ሴንቲሜትር የሚጠጋ የጎማ ዲስኮች ሠሩ፤ በሁለት ብረት መካከል አጣበቁና ሳቧቸው። ጭነቱ ወደ ላይ ይወጣ ይወጣና በድንገት ይታጠፋል። ጎማው በአንድ ጊዜ ይለሰልሳል። ያንን ዲስክ አውጥተው ሲቆርጡት ውስጡ ተከፍቶ ተገኘ። በቀጫጭኖቹ ዲስኮች ብዙ ትንንሽ ክፍተቶች፣ በወፋፍራሞቹ ደግሞ ጥቂት ትልልቆች።

እዚህ ላይ ቁጥሩን በቅርብ ማየት ይጠቅማል። የጎማው የያንግ ሞዱለስ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ መሳብን የሚቃወምበት ልክ፣ 2 ሜጋፓስካል ነው እንበል። ዲያሜትሩ 2 ሴንቲሜትር፣ ውፍረቱ 1 ሚሊሜትር የሆነ ዲስክ ሲሳብ፣ ጎኑ ስለታሰረ ብቻ ከነጻ ጎማ ወደ 50 እጥፍ የጠነከረ ይመስላል። በመሀሉ ላይ ያለው ውጥረት ደግሞ ከአማካዩ ወደ እጥፍ ይጠጋል፤ ከመሀል ወደ ዳር እየቀነሰ ሄዶ ጠርዙ ላይ ዜሮ ይሆናል። ጌንትና ሊንድሊ ያስቀመጡት ሕግ ክፍተት የሚከፈተው መሀሉ ላይ ያለው ውጥረት የያንግ ሞዱለሱ አምስት ስድስተኛ ሲሆን ነው ይላል። በዚህ ምሳሌ 1.67 ሜጋፓስካል ማለት ነው፤ በቤት መኪና ጎማ ውስጥ ከምንነፋው አየር ከሰባት እጥፍ በላይ። በዲስኩ ላይ በአጠቃላይ ሲታሰብ ግን ወደ 27 ኪሎ ጭነት ብቻ ነው። ሁለት ሴንቲሜትር ስፋት ያለው፣ ከብረት ጋር በደንብ የተጣበቀ ጎማ በ27 ኪሎ ከውስጥ ሊከፈት ይችላል ሲባል ለብዙ መሐንዲስ ለማመን ይከብዳል።

ሕጉ የመጣው ከሚያምር ስሌት ነው። ጎማው ውስጥ ለዓይን የማትታይ፣ ክብ የሆነች ትንሽ ቀዳዳ ከመጀመሪያው አለች እንበል። በዙሪያዋ ያለውን ጎማ ከሁሉም አቅጣጫ እንሳብ። ቀዳዳዋ የራዲየሷን ሁለት እጥፍ ለመሆን የሸር ሞዱለሱን 1.47 እጥፍ ውጥረት ትፈልጋለች። ሦስት እጥፍ ለመሆን 1.83፤ አምስት እጥፍ ለመሆን 2.10፤ አስር እጥፍ ለመሆን 2.30። አሁን የሚሆነውን እንመልከት። ከአምስት ወደ አስር ለመሄድ የተጨመረው 0.2 ብቻ ነው። ቁጥሩ እየቀረበ የሚሄደው ወደ 2.5 ነው፤ እዚያ ጣሪያ ላይ ሲደርስ ቀዳዳዋን የሚያቆማት ነገር አይኖርም፤ ያለ ገደብ ታድጋለች። 2.5 የሸር ሞዱለስ ማለት ደግሞ በጎማ ላይ ከአምስት ስድስተኛው የያንግ ሞዱለስ ጋር አንድ ነው። የሚደንቀው የቀዳዳዋ የመጀመሪያ መጠን በስሌቱ ውስጥ አለመግባቱ ነው። ትንሽም ትሁን ትልቅ፣ ጣሪያው ያው ነው።

ውበቱ ግን አደጋም ነበረው። በኋላ በ1969 (እ.ኤ.አ.) ጌንት ከቶምፕኪንስ ጋር እንዳሳዩት ቀዳዳዋ ከ0.1 ማይክሮሜትር ካነሰች የገጿ ጉልበት ይይዛታል፤ ለመክፈት ከፍ ያለ ውጥረት ይጠይቃል። ይህ የመጀመሪያው ማስተካከያ ነበር። ከዚህ የከበደው ግን ሌላ ነው። ቀዳዳዋ አስር እጥፍ ስታድግ ግድግዳዋ ላይ ያለው ጎማም በሁለት አቅጣጫ አስር አስር እጥፍ ይለጠጣል ማለት ነው። የትኛው ጎማ ነው ይህን የሚችለው? በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲሳብ እንኳ ሰባት እጥፍ አካባቢ የሚበጠስ ነገር፣ በሁለት አቅጣጫ አስር እጥፍ ሊለጠጥ አይችልም። ቀደም ብሎ መቀደድ አለበት። ዊሊያምስና ሻፐሪ በ1965 (እ.ኤ.አ.) ነገሩን እንደ መቀደድ አስልተውት ነበር፤ ጌንት ራሳቸውም በ1990 (እ.ኤ.አ.) ስለዚሁ ጉዳይ ማስጠንቀቂያ አዘል ጽሑፍ አሳትመዋል። ሆኖም የ2.5 ሕግ ቀላልና የሚያምር በመሆኑ በመማሪያ መጻሕፍት ገብቶ ቀረ።

የሒሳብ ሊቃውንትም የራሳቸውን ድርሻ አመጡ። ጆን ቦል በ1982 (እ.ኤ.አ.) ከዚያ በፊት ያልተጠየቀ ጥያቄ ጠየቁ፦ ምንም ቀዳዳ የሌለው ፍጹም ጎማ ብንስብስ? መልሱ አስገራሚ ነበር። ውጥረቱ በቂ ሲሆን ያልተቀደደ ሆኖ ከመቆየት ይልቅ መሀሉ ላይ ቀዳዳ መክፈት የሚጠራቀመውን ጉልበት ይቀንሳል፤ ቀዳዳ ከምንም ይወለዳል። ይህ ሥራ ለብዙ ሒሳባዊ ምርምር በር ከፈተ፤ ለኮምፒውተር ስሌት ግን ራስ ምታት ሆነ።

ራስ ምታቱን በቅርብ ላሳይ፤ የዚህ ዳሰሳ ልብ እዚህ ነውና። ኮምፒውተር ጎማን የሚያሰላው ፋይናይት ኤለመንት በሚባለው ዘዴ ነው። አካሉ በብዙ ትንንሽ ክፍሎች፣ በሦስት ማዕዘን ወይም በአራት ማዕዘን መረብ ይከፋፈላል፤ የእያንዳንዱ ጥግ መንቀሳቀስ ይሰላል። ክፍሎቹ በጥጋቸውና በጠርዛቸው የተያያዙ ናቸው። ስለዚህ መረቡ መለጠጥ እንጂ መከፈት አያውቅም። ቀዳዳ በሌለበት ቦታ ቀዳዳ እንዲወለድ መጠየቅ ለእንዲህ ያለ መረብ የማይቻል ነገር መጠየቅ ነው። ሰው መጀመሪያ የሚያስበው «መረቡን እናጥብበው፣ ክፍሎቹን እናሳንሳቸው» ነው። እዚህ ላይ ግን ማጥበብ መድኃኒት አይሆንም። ቦልና ኖውልስ በ1987 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳዩት በእንዲህ ያሉ ችግሮች ተራው ስሌት የሚደርስበት ዝቅተኛ ጉልበት ከእውነተኛው ዝቅተኛ ጉልበት ከፍ ብሎ ይቀራል፤ መረቡ ምንም ያህል ቢጠብ በመካከላቸው ያለው ርቀት አይዘጋም። ኮምፒውተሩ በሙሉ ልብ የተሳሳተ መልስ ይሰጣል፤ መሳሳቱንም የሚናገር ምልክት የለም። በሲሙሌሽን ለሚሠራ ሰው ከዚህ የባሰ ነገር የለም።

ሁለተኛው ችግር ይዘትን ባለመለወጥ የሚመጣ ነው። ጎማ ይዘቱን ስለማይለውጥ ተራ የመረብ ክፍል ከእውነቱ በላይ ደንድኖ ይቆለፋል። ይህን ለመፍታት ግፊቱን ከመንቀሳቀሱ ለይቶ እንደ ሌላ ያልታወቀ ቁጥር ማስላት የተለመደ ነው። ሦስተኛው ችግር ደግሞ ቀዳዳው ማደግ ሲጀምር ይመጣል። በጠርዙ ያሉት ክፍሎች በአንድ አቅጣጫ በብዙ እጥፍ ተለጥጠው በሌላው አቅጣጫ እንደ ወረቀት ይሳሳሉ፤ አንዳንዶቹም ይገለበጣሉ፤ ስሌቱ እዚያው ይቆማል። ዱቫን ሄናኦና ሲያንሚን ሹ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት ዘዴ በትንሽ ቀዳዳ ተነስቶ መረቡ እንዳይገለበጥ እየተጠነቀቀ ብዙ ቀዳዳዎችን በአንድ ላይ ማሳደግ ችሏል። ሌሎች ደግሞ ክፍሎቹን ባለ ቀጥታ ጠርዝ ሳይሆን ባለ ጠማማ ጠርዝ በማድረግ ክብ ቀዳዳን በጥቂት ክፍሎች መከተል እንደሚቻል አሳዩ።

እነዚህ ሁሉ ዘዴዎች ቴክኒካዊ ድል ናቸው። ግን ጥያቄውን የመለሱት በግማሽ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁሉም የሚያሰሉት ጎማው እየተለጠጠ የሚያድግ ቀዳዳ ነው፤ ከመለጠጥ በቀር ሌላ ነገር አይሆንም ብለው ይነሳሉ። ጎማ ግን ይቀደዳል። የመቀደድ ሕግ የሌለበት ስሌት ቀዳዳው የት እንደሚጀምር ሊገምት ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ግን ሊነግረን አይችልም።

መለጠጡን ከመቀደዱ ለመለየት ሙከራ ያስፈልግ ነበር። ጌንትና ፓርክ በ1984 (እ.ኤ.አ.) በግልጽ ሲሊኮን ውስጥ የብርጭቆ ዶቃ ቀብረው ሲስቡት፣ ዶቃው ሊላቀቅ ወይም ከዶቃው ጫፍ ትንሽ ርቆ ክፍተት ሊከፈት እንደሚችል፣ ዶቃው ሲያንስም የሚያስፈልገው ውጥረት እየጨመረ እንደሚሄድ አሳይተዋል። የመጠን ተጽዕኖ እዚህ አለ፤ የ2.5 ሕግ ግን መጠን አያውቅም። ይህ ብቻውን ሕጉ ሙሉ እንዳልሆነ ሊያስጠረጥር ይገባ ነበር። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን የሚሠሩት ራቪ-ቻንዳርና በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ኦስካር ሎፔዝ-ፓሚየስ ከተባባሪዎቻቸው ጋር ሙከራውን በአዲስ መሣሪያ ደገሙት፤ ሦስት ሚሊሜትር ገደማ የሆኑ ሁለት ዶቃዎችን ቀርበው እንዲቀመጡ አድርገው ግልጽ ሲሊኮን አፈሰሱባቸው፤ በከፍተኛ ማጉያ እያዩ ሳቡት። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት ውጤት ክፍተቱ ሲወለድ፣ ሲያድግ፣ ከዚያም ወደ ስንጥቅ ሲቀየር ደረጃ በደረጃ አሳየ። በማግስቱ ዓመት ደግሞ የበለጠ አስደናቂ ነገር አወጡ። ጭነቱ ሲነሳ አንዳንዶቹ ክፍተቶች ተመልሰው ይድናሉ። ዳግም ሲሳብም የዳነው ቦታ ከአካባቢው ጠንክሮ ስለሚገኝ ክፍተቱ ሌላ ቦታ ይከፈታል።

በ2015 (እ.ኤ.አ.) ይኸው ቡድን ጥያቄውን በርዕሱ ላይ ያስቀመጠ ጽሑፍ አውጥቶ ነበር፦ የጎማ ውስጣዊ መከፈት የመለጠጥ ውጤት ነው ወይስ የመቀደድ? መለጠጥን ብቻ የሚያውቀውን ስሌት ከድሮዎቹ ሙከራዎች ጋር ጎን ለጎን አስቀመጡ። ስሌቱ አንዳንድ ነገር ይመታል፤ ዋናውን ግን ይስታል። ውሳኔው የመቀደድ ነው የሚል ሆነ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ዘዴ ነው ዘርፉን የለወጠው። አዲቲያ ኩማር፣ ፍራንክፎርና ሎፔዝ-ፓሚየስ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ያቀረቡት ንድፈ ሐሳብ በጎማው እያንዳንዱ ነጥብ ላይ አንድ ተጨማሪ ቁጥር ያስቀምጣል። ቁጥሩ 1 ሲሆን ጎማው ደህና ነው፤ 0 ሲሆን ተቀዷል። በመካከሉ ያለው ሽግግር በጣም ጠባብ በሆነ ስፋት ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ መረቡ መከፈት የለበትም፤ ቀዳዳው ቁጥሩ ዜሮ የሆነበት ቦታ ብቻ ነው። ከላይ የጠቀስኩት የመረብ ራስ ምታት በአንድ ምት ቀለለ። ጎማው ሲድን ቁጥሩ ወደ 1 እንዲመለስ በማድረግ መዳንም በዚያው ስሌት ተካተተ። ለስሌቱ የመረጡት ክፍል ደግሞ ጎረቤቶቹን በጥግ ሳይሆን በጠርዙ አጋማሽ ብቻ የሚያገናኝ ዓይነት ነው፤ ይዘት ለማይለውጥ ነገር ይህ አይቆለፍም።

ከቴክኒኩ ይልቅ የምወደው ግን በውስጡ ያለውን አስተሳሰብ ነው። ጎማ መቼ እንደሚከፈት ለማወቅ ሦስት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል ይላል። አንደኛ፣ የሚለጠጥበት ባሕርይ። ሁለተኛ፣ ጥንካሬው፤ ማለትም ምንም ስንጥቅ ሳይኖርበት በአንድ አቅጣጫ፣ በሁለት ወይም በሁሉም አቅጣጫ ሲሳብ የሚችለው ከፍተኛ ውጥረት። ሦስተኛ፣ አስቀድሞ የነበረ ስንጥቅ ሲሰፋ ለእያንዳንዱ አዲስ ገጽ የሚያስከፍለው ጉልበት። ከሦስቱ አንዱን የተወ ስሌት አንዳንዴ ቢመታ በዕድል ነው። የጌንትና የሊንድሊ ሕግ የመጀመሪያውን ብቻ ያውቃል። የድሮው የስንጥቅ ትምህርት ሁለተኛውን ይዘላል። ኩማርና ሎፔዝ-ፓሚየስ በ2021 (እ.ኤ.አ.) ሦስቱንም ይዘው ወደ 1959ኙ ዲስኮች ተመለሱ፤ በቀጫጭኖቹ ብዙ፣ በወፋፍራሞቹ ጥቂት ክፍተቶች ለምን እንደታዩ፣ ጭነቱም የት ላይ እንደሚታጠፍ በአንድ ስሌት አስረዱ። ስልሳ ሁለት ዓመት ወስዷል። ጥሩ ሙከራ ለዘመናት ይቆያል የምለው ለዚህ ነው፤ ማብራሪያው ተለዋውጧል፤ የጌንትና የሊንድሊ መለኪያ ግን ዛሬም ይሠራል።

ይህ ማለት ክርክሩ አበቃ ማለት አይደለም። ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ሲሳብ ጎማ የሚኖረውን ጥንካሬ በቀጥታ መለካት እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ በአብዛኛው ከዲስክ ሙከራ ወደ ኋላ ተመልሶ ይገመታል። ከዚያ ደግሞ ያው ዲስክ በተገመተው ቁጥር ይብራራል። ይህ ክብ መንገድ በሌላ ነጻ ሙከራ እስኪሰበር ድረስ ጥንቃቄ ማድረግ ተገቢ ነው። ሁለተኛው ክፍት ጉዳይ ጥላሸት የተቀላቀለበት ጎማ ነው። የመኪና ጎማም ሆነ ሱፖርት ጥቁር የሆነው በዚሁ ጥላሸት፣ በካርበን ብላክ፣ ምክንያት ነው፤ ሙከራው የሚደረግበት ሲሊኮን ግን ንጹሕ ነው፤ ክፍተቱ እንዲታይ ግልጽ መሆን አለበትና። በፓሪስ የኮስታንቲኖ ክሬቶን ቡድን በ2012 (እ.ኤ.አ.) በኤክስሬይ እንዳሳየው ጥላሸት ባለበት ጎማ ውስጥ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሲሳብ እንኳ፣ በናኖሜትር የሚለኩ ክፍተቶች ይፈጠራሉ። እነዚህን ከትልልቆቹ ክፍተቶች ጋር በአንድ ስሌት ማገናኘት ገና ነው።

ሦስተኛው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው፣ የመመላለስ ጉዳይ ነው። ዳገቱን የሚወጣው ሚኒባስ ሱፖርቱን አንድ ጊዜ በኃይል አይስበውም፤ በቀን ብዙ ሺህ ጊዜ በመጠኑ ይስበዋል። ከ2.5 ሕግ በታች ባለ ውጥረት፣ በአንድ ጊዜ ስበት ምንም የማይሆን ጎማ፣ ሲመላለስበት ቀስ በቀስ ይከፈታል። የዚህ ዘርፍ ድንቅ ስሌቶች አብዛኞቹ የሚያጠኑት አንድ ጊዜ ተስቦ የሚከፈተውን ነው። የሺዎች ጊዜ ምልልስን ነጥብ በነጥብ ማስላት ብዙ የኮምፒውተር ጊዜ ይበላል፤ በዚያ ላይ የሙቀት መጨመር፣ የኦክስጅን ጉዳት፣ የመዳን ነገር ይደመርበታል። እንደ እኔ አስተያየት ገንዘቡና ትኩረቱ ወደዚህ ቢዞር ይሻላል፤ ጎማ በተግባር የሚሞተው እዚህ ነውና።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ያደርግልናል? ከሚኒባሱ የከበደ ነገር አለ። በድልድይ ምሰሶና በወለሉ መካከል የሚቀመጠው የጎማ ትራስ፣ ጎማና የብረት ሉህ እየተደራረበ የሚሠራው፣ የዚያው ዲስክ ታላቅ ወንድም ነው። ሕንፃን ከመሬት መንቀጥቀጥ ለመለየት ከሥሩ የሚገባውም እንዲሁ። ሲጫን አስተማማኝ ነው። ከባድ ነውጥ ሕንፃውን ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብለው ግን በሌላው ወገን ያለው ትራስ ወደ ላይ ይሳባል፤ ያኔ ከውስጡ ሊከፈት ይችላል። መሐንዲሶች ለዚህ የሚጠቀሙበት የተለመደ ግምት ትራሱ በአማካይ የሸር ሞዱለሱን ሦስት እጥፍ ሲሳብ ይከፈታል የሚል ነው፤ የ2.5 ሕግ የቅርብ ዘመድ ነው። ከላይ እንዳየነው ይህ ግምት የሚያውቀው ከሦስቱ ባሕርያት አንዱን ብቻ ነው። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ ብዙ ሰው በሌሊት ከፎቅ ወርዷል። ከተማዋ በስምጥ ሸለቆ አፋፍ ላይ ሆና ወደ ላይ እያደገች ነው። እንዲህ ያለ ትራስ ወደ ሀገር ሲገባ የመጫን ፈተና ወረቀት ብቻ ይዞ መምጣቱ በቂ አይደለም፤ የመሳብ ፈተናውም ሊጠየቅ ይገባል።

ለመሞከር የሚያስፈልገው ነገር ሩቅ አይደለም። ከእሪ በከንቱ ወደ አምስት ኪሎ ቢኬድ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ አራት ኪሎ ላይ የሒሳብና የፊዚክስ ትምህርት ክፍሎች አሉ። ፌኒክስ የተባለው የፋይናይት ኤለመንት ሶፍትዌር ማንም በነጻ የሚያወርደው ነው። የአንድ ዲስክ የመለጠጥ ስሌት በክብ ሲሜትሪ ወደ ሁለት ዳይሜንሽን ሲወርድ በተራ ላፕቶፕ ይሠራል። ሙሉው የመቀደድ ስሌት ጠንከር ያለ ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ እሱም ቢሆን በጋራ መጠቀም ይቻላል። ናሙናው ደግሞ በየጋራዡ ተጥሏል። አንድ ተማሪ ከመካኒኮች የወጣ ሱፖርት ሰብስቦ፣ በስለት ከፍሎ፣ በማጉያ እያየ ስንቱ ከውስጥ እንደተከፈተ፣ ስንቱ ከጠርዙ እንደተሰነጠቀ፣ ስንቱ ከብረቱ እንደተላቀቀ ቢለይ፣ ያ ሥራ ብቻውን ጥሩ የማስተርስ ጥናት ይሆናል። ለረጅም ዘመን በሀገሪቱ የመኪና ጎማ ሲያመርት የኖረው አዲስ ጎማ ፋብሪካ፣ በኋላ ማታዶር ከዚያም ሆራይዘን የተባለው፣ ስለ ጎማ ውሕደት ያካበተው ዕውቀት አለ፤ ዩኒቨርሲቲውና ፋብሪካው በአንድ ጠረጴዛ ቢቀመጡ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ጀማሪ ተማሪ ቢጠይቀኝ በ1959ኙ ዲስክ ጀምር እለዋለሁ። ሲሊኮን በሁለት ክብ ብረት መካከል አፍስስ፤ ውፍረቱን ከአንድ ሚሊሜትር እስከ አንድ ሴንቲሜትር እየለዋወጥህ ሳበው፤ ጭነቱ የሚታጠፍበትን ቦታ መዝግብ፤ ከዚያ የዚያኑ ሲሊኮን መለጠጥ፣ ጥንካሬና የመቀደድ ጉልበት ለየብቻ ለካ። ሦስቱን ቁጥሮች ሳትይዝ ኮምፒውተሩን አትክፈት። መምህራንም የመመረቂያ ርዕስ ስትሰጡ ይህን ጉዳይ በዝርዝራችሁ ውስጥ አስገቡት፤ የመንገድና የሕንፃ ተቆጣጣሪዎች ደግሞ ከሚገባው የጎማ ትራስ ጥቂቱን ለእነዚህ ተማሪዎች ለፈተና ስጡ።